ቀዩ መብራት ብስክሌተኛውን ለምን አያየውም?

ማለዳ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት አንድ ብስክሌተኛ ከጎን መንገድ መጥቶ ቀይ መብራት ላይ ይቆማል። በዋናው መንገድ በኩል አረንጓዴው እንደበራ ነው፤ የሚያልፍ መኪና ግን የለም። አንድ ደቂቃ ያልፋል፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ቀዩ አይለቅም። ከኋላው አንድ መኪና መጥቶ ሲቆም ግን ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ ይበራል። በአሜሪካ ከተሞች በብስክሌት ለሚመላለስ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ምክንያቱን ሲጠየቁ ብዙዎች «ብስክሌት ክብደት ስለሌለው ነው» ይላሉ። ግምቱ ስህተት ነው፤ ጉዳቱም ጥፋቱን ከመሣሪያው አንስቶ ብስክሌቱ ላይ መጣሉ ነው። ብስክሌት መብራቱን ለመቀስቀስ የሚያንሰው ነገር የለም። ችግሩ ያለው መሣሪያው በተቀበረበት ቅርጽና በተስተካከለበት ልክ ላይ ነው፤ ያንን ማቃናት ደግሞ የመንገዱ ባለቤት ሥራ ነው።

የክብደት ግምት ከየት እንደመጣ ታሪኩ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1928 የባልቲሞሩ የባቡር ሲግናል መሐንዲስ ቻርልስ አድለር፣ ሹፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ድምፁን በማይክሮፎን ሰምቶ መብራት የሚቀይር መሣሪያ ተከለ። የሰፈሩን ሰው ጆሮ እንዴት እንዳስጨነቀ መገመት አያዳግትም። በዚያው ሰሞን ሄንሪ ሃው የተባለ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሌላ መንገድ ቀየሰ፤ አስፋልቱ ውስጥ ሁለት የብረት ሳህኖች ተቀበሩ፣ ጎማ ሲረግጣቸው ይገጥማሉ፣ ኤሌክትሪኩም ይያያዛል። ይህ በክብደት የሚሠራ መሣሪያ ከ30 ዓመት በላይ አገልግሏል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን በአስፋልት ውስጥ የሚቀበር የሽቦ ጥምጥም መጣና እየተካው ሄደ። መሣሪያው ተለወጠ፤ በሰው አእምሮ ውስጥ የቀረው ግን የድሮው ነው።

አዲሱ መሣሪያ እንዲህ ይሠራል። አስፋልቱ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ጎኑ 1.8 ሜትር ያህል በሆነ አራት ማዕዘን። በቦዩ ውስጥ ሽቦ ጥቂት ዙር ይጠመጠማል፣ ከላዩም በጥቁር ማሸጊያ ይደፈናል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ ወደ መሬት የተመለከተ ሰው ያን ጥቁር መስመር በቀላሉ ያገኘዋል። የሽቦው ጫፎች መንገድ ዳር ወዳለው ሳጥን ይሄዳሉ፤ ከሳጥኑም በሰከንድ ከ10 ሺህ እስከ 200 ሺህ ጊዜ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ኤሌክትሪክ ይላክባቸዋል። ይህ ኤሌክትሪክ በሽቦው ዙሪያ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ማንኛውም ብረታ ብረት ወደ መስኩ ሲገባ በውስጡ የሚዞር ኤሌክትሪክ ይነሳል፤ እሱም የራሱን መስክ ፈጥሮ የሽቦውን ይቃወማል። በዚህ ጊዜ በሽቦው ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መለዋወጥ በመጠኑ ይፈጥናል፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው መሣሪያ ልዩነቱን አይቶ «ሰው አለ» ይላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ክብደት የሚባል ነገር የለም። አልሙኒየም ማግኔት ባይስበውም ኤሌክትሪክ አሳምሮ ስለሚያሳልፍ፣ የአልሙኒየም ቸርኬ ያለው ብስክሌት ለመታየት ይበቃል። የሚቸገረው ፍሬሙም ቸርኬውም ካርቦን ፋይበር የሆነ ውድ ብስክሌት ነው።

ታዲያ ለምን አይታይም? መልሱ ያለው በመስኩ አቅጣጫ ነው። በአራት ማዕዘኑ መሃል ላይ መስኩ ከመሬት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። የመኪና ሆድ እንደ ትሪ ተዘርግቶ ስለሚሸፍነው መስኩን ሙሉ በሙሉ ይቀበላል። የብስክሌት ጎማ ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ቀለበት ነው፤ መሃል ላይ ሲቆም መስኩ በጎኑ ሽቅብ ያልፋል እንጂ በቀለበቱ ውስጥ አይሾልክም። ሽቦው ራሱ ላይ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ መስኩ ሽቦውን ከቦ ስለሚዞር ከላዩ ላይ አግድም ይሄዳል፤ ጎማው በሽቦው መስመር ላይ ሲቆም መስኩ በቀለበቱ ውስጥ ሰተት ብሎ ያልፋል። ያው ብስክሌት፣ ያው ሰው፣ ያው ክብደት፤ መሃል ላይ የማይታየው ሁለት ክንድ ያህል ወደ ጎን ፈቀቅ ሲል ይታያል። ብስክሌቱን ጥምጥሙ መሃል ላይ በጎኑ ቢያጋድሙት ደግሞ ቀለበቱ ስለሚተኛ ብዙውን ጊዜ እዚያም ይታያል። የክብደትን ግምት ለማፍረስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

መሐንዲሶችም ይህን ያውቃሉ። ሽቦውን በስምንት ቁጥር ዓይነት ሁለት ጊዜ አዙረው መሃሉ ላይ ተጨማሪ መስመር የሚሠሩበት ዘዴ አለ፤ መሃለኛው መስመር ላይ መስኩ ስለሚበረታ ብስክሌት ጎልቶ ይታያል። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚሠራበት «ዓይነት ዲ» የተባለው ደግሞ መስመሮቹን በሰያፍ ስለሚያሰልፍ ብስክሌቱ የትም ቢቆም አንዱ ሽቦ አጠገብ ነው። እዚህ ላይ የትራፊክ ባለሙያዎች የሚያነሱት ቁም ነገር ያለው ተቃውሞ አለ፤ መሣሪያው በጣም ንቁ ከሆነ በጎረቤት መስመር የሚያልፈውን ከባድ መኪና ጭምር ቆጥሮ ያለ ምክንያት መብራት ይቀይራል ይላሉ። ስጋቱ እውነት ነው። መኪና በሽቦው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከመቶ ጥቂት እጅ ሲሆን የብስክሌት ግን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ሁለቱን በአንድ ልክ ለመያዝ መፈለግ ስህተት ይጋብዛል። ነገር ግን የስምንት ቁጥሩ ጥቅም እዚሁ ላይ ነው፤ የሁለቱ ግማሾች መስክ ከራቁ በኋላ እርስ በርስ ስለሚጣፋ፣ መሣሪያው ጎረቤት ሳይነካ የራሱን መስመር ብቻ በንቃት ይጠብቃል። ስለዚህ ተቃውሞው የቅርጽ ምርጫን የሚመለከት ነው፤ ብስክሌተኛን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ይህ በሕግም ተፈትኗል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ፣ ተሽከርካሪ ሲመጣ የሚቀየር መብራት አዲስ ሲተከል ወይም የመለያ መሣሪያው ሲተካ ብስክሌትንና ሞተር ብስክሌትን መለየት ግድ ሆነ። በ2009 የወጣው የግዛቷ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መመሪያ ደግሞ የሚፈተንበትን ተጓዥ ለይቶ ጻፈ፤ ቁመቱ 1.2 ሜትር፣ ክብደቱ 41 ኪሎ ያህል የሆነ፣ 16 ኢንች ጎማ ባላት ብስክሌት የሚሄድ ሰው። ይህ ትንሽ ልጅ ማለት ነው። መለኪያው ልጅ መሆኑን ወድጄዋለሁ፤ ልጁን ያየ መሣሪያ አዋቂውን አይስትም። መመሪያው በዚህ አላበቃም፤ ታይቶ አረንጓዴ የተሰጠው ብስክሌተኛ ሳይሻገር መብራቱ እንዳይዘጋበት፣ ለመነሻ 6 ሰከንድ ከዚያም በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ታስቦለታል። ሠላሳ ሜትር ስፋት ላለው መስቀለኛ መንገድ ይህ ወደ 13 ሰከንድ ይመጣል።

አንዳንዶች «ታዲያ ቀዩን ጥሶ ይለፍ፣ ማን ያየዋል?» ይላሉ። እንደ አይዳሆ ያሉ ግዛቶች ብስክሌተኛ ቆሞ፣ ግራ ቀኙን አረጋግጦ፣ ቀዩን እንዲያልፍ ፈቅደዋል። ፈቃዱ ጭር ባለ መንገድ ላይ ይረዳል፤ ስድስት መስመር ያለውን ጎዳና ከልጁ ጋር ለሚሻገር ወላጅ ግን መፍትሔ አይሆንም። «የእግረኛውን ቁልፍ ይጫን» የሚለውም ብስክሌተኛውን ከመስመሩ አውጥቶ እግረኛ መንገድ ላይ ያስወጣዋል። ካሜራና ራዳርም ተሞክረዋል፤ ጥሩ ይሠራሉ፣ ሆኖም ካሜራ በፀሐይ ነጸብራቅ፣ በጉምና በጨለማ ይቸገራል። ብስክሌተኛ ጥቂት ነው የሚለው ክርክርም ሚዛን አይደፋም፤ አስፋልቱ ሲታደስ ሽቦው የሚቀበረው ለማንኛውም ነው፣ ቦዩ በየትኛው ቅርጽ እንደሚቆረጥ መወሰን ብቻ ነው የቀረው። ነባሩ ጥምጥም ላይም ቢሆን ብስክሌተኛው የሚቆምበትን ቦታ የሚያሳይ ምልክት በነጭ ቀለም መሳል ይቻላል፤ የአሜሪካ የመንገድ ምልክቶች መመሪያ ለዚሁ የሚሆን የብስክሌተኛ ሥዕል አለው። በኔዘርላንድስ የብስክሌት መስመሮች ላይ የራሳቸው ጥምጥም የተለመደ ነው፤ እንደ ግሮኒንገን ባሉ ከተሞችም ዝናብ ሲጥል ለብስክሌተኛው ቶሎ አረንጓዴ የሚሰጡ መብራቶች አሉ።

ውጭ አገር በብስክሌት የምትመላለሱ አንባቢዎች፣ ምልክት በሌለበት ቦታ ጎማዎቻችሁን ከጉዟችሁ ጋር በሚሄደው ጥቁር መስመር ላይ፣ መሃል ላይ መስመር ካለም በእሱ ላይ አቁሙ። ይህም ካልሠራ የመስቀለኛ መንገዱን ስም፣ የመጣችሁበትን አቅጣጫና ሰዓቱን ጽፋችሁ ለከተማው አመልክቱ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ሳጥኑን ከፍቶ የመሣሪያውን ንቃት ማስተካከል ብቻ ነው። አዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ዘርግታለች። እዚያም ተሽከርካሪን የሚለይ መብራት የሚያስተክል መሐንዲስ ሥራውን ከኮንትራክተሩ ከመረከቡ በፊት አንድ የልጅ ብስክሌት ይዞ ይውጣ፤ መስመሩ ላይ ያቁማት፤ አረንጓዴው ካልበራ አይፈርም።