ከጀርባው የሚበራ ሥዕል

ሽንዲም ይሁን ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲባል የጎጃም ሰው ልቡ የሚሄደው ወደ መቅደሱ ግድግዳ ነው። በክቡ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌቱን አልፎ ቅድስት ሲገባ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ፣ እመቤታችን ከነልጇ ፊት ለፊት ይቀበሉታል። እንደ ዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት ደግሞ ሥዕሉ ያረፈው ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ነው። መስኮቱ ከዚህ ሁሉ የለበትም። ሳንቃ ነው፤ ሲከፈት ብርሃን ያስገባል፣ ሲዘጋ አበቃ።

አውሮፓውያን ሥዕሉን ራሱን መስኮት አደረጉት። ፈረንሳይ ውስጥ ያለው የሻርትር ካቴድራል መስኮቶች አብዛኞቹ የ12ኛውና የ13ኛው መቶ ዓመት ሥራ ናቸው። ቀለሙ የሚገኘው መስታወቱ ገና ሲቀልጥ ከሚጨመርበት ማዕድን ነው፤ ኮባልት ሰማያዊ፣ ማንጋኒዝ ሐምራዊ፣ መዳብ ደግሞ ደም የመሰለ ቀይ ያወጣል። የተቆረጠው መስታወት ግራና ቀኙ ቦይ በወጣለት የእርሳስ ዘንግ ውስጥ ይሰካል፤ መጋጠሚያው ይበየዳል፣ ክፍተቱ በማስቲሽ ይደፈናል። ዓይንና ጣት የመሰለው ጥቃቅን ነገር በጥቁር ቀለም ይሣልና መስታወቱ ምድጃ ገብቶ ይተኮሳል።

ስልቱ ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል። በኋላ የመጡት ሠዓሊዎች መስታወቱን እንደ ሸራ እየቀቡ ብርሃኑን አደበዘዙት፤ በእኔ ዓይን ወደ ኋላ መሄድ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አሜሪካዊው ቲፋኒ ወተት የተቀላቀለበት የሚመስል ደመናማ መስታወት ይዞ መጣ። በ20ኛው ደግሞ ወፍራም የመስታወት ጡብ በኮንክሪት ማያያዝ ተለመደ።

ወደ እኛ ስንመጣ ስሙ የሚነሣው አፈወርቅ ተክሌ ነው። አንኮበር ተወልዶ ለንደን የተማረው ይህ ሠዓሊ፣ በ1953 ዓ.ም. ለተመረቀው የአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን መስኮት ነደፈ። ሕንፃው የጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ ነው። መስኮቱ ሦስት ክፍል አለው፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ይተርካል። በመስኮቱ ላይ ጥሩር ለብሶ የሚታየው ወታደር የተባበሩት መንግሥታት ምሳሌ ነው። እውነቱን ለመናገር ምሳሌው ትንሽ ይበዛበታል። ቀለሙ ግን ማንንም ዝም ያሰኛል፤ ፀሐይ ስትመታው ወለሉ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ይሆናል። በሀገራችን ሥዕል ቅዱሳኑ በወፍራም ጥቁር መስመር ተከበው ነው የሚታዩት። መስታወት ላይ ያንን መስመር እርሳሱ ይሠራዋል፤ ስለዚህ ጥበቡ ከውጭ ቢመጣም ለሐበሻ ዓይን ባዕድ አልሆነም።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሕንፃው ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል።

አዳራሹ ያለው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ ስለሆነ እንደ ልብ አይገባበትም። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ለጉዳይ አዲስ አበባ የገባ ሰው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ይቀለዋል፤ እዚያም የብሉይና የሐዲስ ኪዳን ታሪክ በባለቀለም መስታወት አለ። ብቻ በውጭ በኩል አይቶ እንዳይመለስ፤ ቀን ከደጅ ሲያዩት የዚህ ዓይነት መስኮት ጠቁሮ ነው የሚታየው።