የቢርካ ውሃ፣ አሉምና የመርሳት በሽታ



ጅላል ገብቶ ቢርካው ሲጎድልና ሲደፈርስ ፋርማሲያችን ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ «እናቴ ስንት ረከዓ እንደሰገደች እየጠፋባት ነው። ውሃው ላይ የምንበትነው ማጥሪያ ይሆን?»

ጥርጣሬው መነሻ አለው። ጭቃውን ወደ ታች የሚያዘቅጠው አሉም የአልሙኒየም ጨው ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኩላሊታቸው የደከመ ሕሙማን ደማቸው በማሽን ሲታጠብ፣ ለማጠቢያ በዋለው ውሃ ውስጥ የነበረው አልሙኒየም አእምሯቸውን እንደጎዳ ተረጋግጧል። ይሁንና እዚያ አልሙኒየሙ የገባው በቀጥታ ወደ ደም ነው። በአፍ ከጠጣነው ወደ ደም የሚያልፈው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ አብዛኛውንም ጤነኛ ኩላሊት ያስወግደዋል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የፈረንሳይ ጥናት በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም በላይ አልሙኒየም ያለበት ውሃ በሚጠጡ አረጋውያን ዘንድ የመርሳት በሽታ በዝቶ አግኝቷል፤ ሌሎች ጥናቶች ግን ይህን አላገኙም። ስለዚህ አልሙኒየም እስካሁን ተጠርጣሪ እንጂ የተፈረደበት አይደለም።

ጥንቃቄው ቀላል ነው። ከታዘዘው መጠን አታስበልጡ፤ ውሃው እስኪረጋ ጠብቁና በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፤ አተላውን ድፉት። ቤት ውስጥ ኩላሊቱን የታመመ ካለ ሐኪም አማክሩ። ውሃ አጋርና የአኳታብ ክኒን ክሎሪን ናቸው፤ አልሙኒየም የለባቸውም። (ጸረ ተባይ የነበረበትን ጀሪካን አጥቦ ለውሃ ማዋል ግን ከአሉም ይልቅ ያስፈራኛል።)

«እንግዲያው ምንም ሳንጨምር እንጠጣ» የሚሉ አሉ። እኔ የምሟገተው እዚህ ላይ ነው። በሐርሺንም ሆነ በቀብሪበያህ ገጠር ወደ ቢርካ የሚወርደው ጎርፍ እበቱንና በጠጡን ጠርጎ ነው የሚገባው። በ2009 ዓ.ም. አተት በክልላችን ያደረሰውን አንረሳውም።

የአዛውንት ግራ መጋባት በአንድ በሁለት ቀን ድንገት ከመጣ ብዙ ጊዜ የመርሳት በሽታ አይደለም። ተቅማጥ፣ የሰውነት ውሃ ማነስ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ወይም እኛው የሸጥነው የአለርጂና የእንቅልፍ ክኒን ሊሆን ይችላል። በጊዜው ከታከመ በአላህ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ «እድሜ ነው» ተብሎ ቤት ከተተኛ ግን ሊገድል ይችላል። በወራት ቀስ እያለ የመጣ ከሆነ ደግሞ ግፊቷን፣ ስኳሯን፣ ጆሮዋን አስመርምሩ፤ ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደች ከሆነ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ይታይላት። ጤና ጣቢያ ስትወስዷት የምትውጣቸውን ክኒኖች በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።