የማዝዳ አርኤክስ-8 ሞተር፦ የጠፋው ጉልበት የት ይፈለግ?

እ.ኤ.አ. በ2003 ገበያ ላይ የዋለው ማዝዳ አርኤክስ-8 ፒስተን የሌለው የስፖርት መኪና ነው። ሬነሲስ በተባለው ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩት ሁለት ባለሦስት ማዕዘን ሮተሮች ናቸው፤ ቫልቭም ካምሻፍትም የለውም። የእያንዳንዱ ሮተር ይዘት 654 ሲሲ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው 1.3 ሊትር ብቻ ይሆናሉ። ሆኖም ከፍተኛ ጉልበት ያለው ሞዴል በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ይደርሳል፤ 230 ገደማ የፈረስ ጉልበትም ያወጣል። ምርቱ በ2012 ስለቆመ ዛሬ የሚገኘው ያገለገለው ብቻ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ዋጋው የረከሰው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙዎቹን ጉልበታቸው ከድቷቸዋል።

በፒስተን ሞተር ፋሻ የሚሠራውን እዚህ የሚሠሩት በሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ የተሰኩ፣ አፔክስ ሲል የሚባሉ ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። በስፕሪንግ እየተገፉ የሞተሩን ግድግዳ ይታከካሉ። ሲያልቁ ግፊቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያፈተልካል፤ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። እነሱን ለማለስለስ አንድ ፓምፕ ጥቂት የሞተር ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል ይልካል። ስለዚህ ይህ ሞተር ዘይት የሚበላው ታሞ ሳይሆን ተፈጥሮው ስለሆነ ነው፤ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ እያዩ መሙላት የባለቤቱ ግዴታ ነው።

ጥገናው የሚጀምረው በመለካት ነው። ተራው የኮምፕሬሽን መለኪያ ከሦስቱ የሮተር ጎኖች የበረታውን ብቻ ስለሚያሳይ ያታልላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ባለሮተር (ሮታሪ) ሞተር የተሠራው መለኪያ ለእያንዳንዱ ሮተር ሦስት፣ በድምሩ ስድስት ቁጥሮች ይሰጣል። ሞተሩ ሞቆ፣ ሞተሪኖው በደቂቃ 250 ዙር ሲያዞረው፣ አንዱም ቁጥር ከ680 ኪሎፓስካል መውረድ የለበትም። ሁለት ተጎራባች ጎኖች አብረው ከወረዱ የሚጠረጠረው በመካከላቸው ያለው ሲል ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ሲሎቹ መለወጥ አለባቸው፤ ዘይት ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት ያለቀ ብረት አይመልስም።

ቁጥሮቹ ጤነኛ ከሆኑ ዓይን ወደ እሳቱ ይዙር። መኪናው አራት ካንዴላና አራት ቦቢና አለው፤ ቦቢናዎቹም ቶሎ በመድከም ይታወቃሉ። የደከመ ቦቢና ቤንዚኑን ሳያቃጥል ወደ ጭስ ማውጫው ይለቀዋል። ያ ቤንዚን ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን አግሎ ይደፍነዋል፤ መውጫ ያጣው ሙቀትም ተመልሶ ሲሎቹን ይጎዳል። ቦቢናዎቹን፣ ካንዴላዎቹንና ገመዶቹን አንድ ላይ መለወጥ ሞተር ከማውረድ እጅግ ይረክሳል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። በከፍተኛ ዙር ብቻ ጉልበት ከጎደለው ደግሞ ተጨማሪ አየር ማስገቢያዎቹን የሚከፍቱት ክዳኖች በካርቦን ተይዘው ይሆናል፤ ሲጸዱ ይመለሳሉ።

የአነዳድ ልማድም የጥገናው አካል ነው። ቀዝቃዛውን ሞተር አስነስቶ ወዲያው ማጥፋት ያልተቃጠለ ቤንዚን ውስጡ ያስቀራል፤ ቤንዚኑ ሲሎቹ ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል፤ መኪናውም በኋላ አልነሳ ይላል። በደንብ ከሞቀ በኋላ ግን ከፍ ባለ ዙር መንዳት ካርቦኑ እንዳይጠራቀም ይረዳል።

ጉልበት ለመጨመር ተርቦ ወይም ልዩ ማርሚታ ማሰብ የሚገባው ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው። በደከመ ሲል ላይ ተጨማሪ ግፊት መጫን የቀረውን ዕድሜ ማሳጠር ነው። ሊገዙ ያሰቡም ቀለሙንና ጎማውን ከማየትዎ በፊት ስድስቱን ቁጥሮች ይጠይቁ፤ ሻጩ ማስለካት ካልፈቀደ መኪናውን ይተዉት።