የሞተር ጓዝ የት ይቀመጥ?

ከካይሮ ተነስቶ ወደ ኬፕታውን የሚያቀና የሞተር ተጓዥ በመተማ ከገባ፣ ጎንደርን፣ ባሕር ዳርንና ደጀንን አልፎ አዲስ አበባ የሚደርሰው በሱሉልታ በኩል ነው። የእንጦጦን ዳገት ከመጀመሩ በፊት ለሻይ ወይም ለቤንዚን ቆም ሲል የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ይከበዋል። ዓይን የሚያርፈው ደግሞ ከኋላ በግራና በቀኝ በተሰቀሉት የአሉሚኒየም ሳጥኖች ላይ ነው። እውነትም ያምራሉ። ተዋናዩ ዩዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቦርማን በ1999 ዓ.ም. ከስኮትላንድ ኬፕታውን ድረስ ሲጓዙ ኢትዮጵያን ያቋረጡት እንዲህ ዓይነት ሳጥን በተሸከሙ ትልልቅ ቢኤምደብሊው ሞተሮች ነበር። የጉዞውን ፊልም ካዩት ጓደኞቼ መካከል ሳጥኑን ያልተመኘ የለም።

ግን ቆዩኝማ! ያ ሞተር ባዶውን ከ220 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ጉልበቱም ወደ 100 ፈረስ ይጠጋል። ሰበታና ቡራዩ መንገድ ላይ የሚርመሰመሰው ቦክሰር 150 ደግሞ 120 ኪሎ ገደማ ሆኖ ጉልበቱ 12 ፈረስ አካባቢ ነው። ሳጥኖቹና የሚሰቀሉበት ብረት ገና ካልሲ ሳይገባባቸው ከ15 ኪሎ ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ የትኛውን ሳጥን ልግዛ ከማለታችን በፊት ክብደቱ ሞተሩ ላይ የት ይረፍ ብለን እንጠይቅ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የምትገርመኝ ትንሽ ሒሳብ አለች። ከፊት ጎማው እንብርት እስከ ኋላ ጎማው እንብርት 130 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሞተር አስቡ። ከኋላ ጎማው እንብርት 26 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ወጣ ባለ ብረት ላይ 15 ኪሎ ጫናችሁ እንበል። የኋላ ጎማው ላይ የሚጨመረው ስንት ነው? 15 ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ 18 ኪሎ ነው። ትርፏ 3 ኪሎ የመጣችው ከፊት ጎማው ላይ ተነስታ ነው። ከእንብርቱ ኋላ ያለው ጭነት ጭራውን ወደ ታች ሲጫን ፊቱን ወደ ላይ ያነሳዋል። መሪው ይቀላል፤ ኩርባ ላይ የፊት ጎማው መሬቱን የሚጨብጥበት ኃይል ይቀንሳል። ዳገት ሲመጣማ ይብሳል። ያንኑ 15 ኪሎ ለሁለት ከፍላችሁ ከኋላ ተሳፋሪው እግር አጠገብ፣ ከእንብርቱ ቀደም ብላችሁ ብትሰቅሉት ግን የፊት ጎማውም ድርሻውን ይሸከማል። ጭነቱ ዝቅ በማለቱም ሞተሩ በዝግታ ሲሄድ ወይም በቆመበት ሲዘም ለመመለስ አያስቸግርም። የሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን ሲጭን ሁለቱን ጎን አመዛዝኖ፣ ከባዱን ዕቃ ወደ ታች አድርጎ ያስር የነበረው በዚሁ ሕግ ነው።

እንግዲህ ምግብ የሚያደርሱ ሞተሮች ጀርባ ላይ የምናየውን ያንን ትልቅ ሳጥን በዚህ ዓይን እዩት። ከፍ ብሎ፣ ወደ ኋላ ወጥቶ የተቀመጠ ነው። ለዚያ ሥራ አልነቅፈውም፤ ፒዛ ቀላል ነው፣ መንገዱም አጭር። ያንኑ ሳጥን ይዞ ጎጃም ለመውረድ ለሚያስብ ወዳጅ ግን ክዳኑን ገልብጦ የተለጠፈውን ጽሑፍ እንዲያነብ እመክራለሁ። ብዙ ፋብሪካዎች ለኋላ ሳጥን የሚፈቅዱት 5 ወይም 10 ኪሎ ብቻ ነው። ችግሩ ሳጥኑ 40 ሊትር ይይዛል ሲባል ሰው ሁሉ እስኪዘጋ ድረስ ይሞላዋል፤ ያውም መፍቻና ጄሪካን ከታች፣ ልብስ ከላይ አድርጎ። ጭራ ላይ መቀመጥ ያለበት የዝናብ ልብስ፣ ዳቦ፣ ብርድ ልብስ ነው። መፍቻው፣ ውኃውና መለዋወጫው ጎን ላይ ዝቅ ይበል።

ጎን ላይ ይሁን ካልን ጠንካራ ሳጥን ይሻላል ወይስ የሸራ ቦርሳ? ሳጥኑ ይቆለፋል፤ ሆቴል ግቢ አቁማችሁ ራት ስትበሉ ልባችሁ ያርፋል። ኬላ ላይ ክፈት ስትባሉም አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ በገመድ የተቆላለፈ ጓዝ ፖሊስ ፊት መፍታት ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። እኔ ግን ለትንሽ ሞተር ከሸራው ጋር ነኝ። አንደኛው ምክንያቴ እግር ነው። ጭቃ ወይም ጠጠር ላይ ሞተር በጎኑ ሲወድቅ እግር ከጠንካራ ሳጥን ሥር ሊቀረቀርና ሊሰበር ይችላል፤ ሸራ ግን ይጨመደዳል። ሌላው ስፋት ነው። ሳጥን የተሰቀለበት ሞተር ከኋላ ወደ 1 ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ድርቆሽ ከጫነ አይሱዙና ከአህያ መንጋ መካከል ሹልክ ማለት የለመደ ሰው፣ መሪው ስላለፈ ብቻ ጭራውም ያለፈ ይመስለዋል።

ሌላም አለ፤ እሱን የሚያስተምረው የዓባይ በረሃ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ጧት ጣት ያደነዝዛል። ካፖርት፣ ጓንት፣ ሹራብ ደራርባችሁ ትነሳላችሁ። ጎሃ ጽዮን ደርሳችሁ ቁልቁለቱን ስትጀምሩ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ላብ በላብ ናችሁ። የተወለቀው ካፖርት የት ይግባ? የሞላ ሳጥን አንዲት ጓንት አይጨምርም። ከላይ ተጠቅልሎ የሚዘጋ የሸራ ቦርሳ ግን ጧት ትንሽ፣ ቀትር ላይ ትልቅ ይሆናል፤ ደጀን ስትወጡና ብርዱ ሲመለስ እንደገና ይከሳል። ከሰበታ በጅማ መንገድ ጊቤን የሚወርድም ይኸው ነው የሚገጥመው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ደግሞ ጭነት ወደ ፊት ይንሸራተታል። በደንብ ያልታሰረ ጥቅል ጀርባችሁን እየገፋ የነዳጅ ታንኩ ላይ ያስቀምጣችኋል። እንዲህ በጎበጠ ወገብ ያን ሁሉ ኩርባ መጨረስ ቅጣት ነው።

ሸራም ቢሆን ዝም ብሎ አይንጠለጠልም፤ ከኋላ ጎማውና ከማርሚታው የሚያርቀው ብረት ይፈልጋል። ይህን ደግሞ ቡራዩ ውስጥ ያለ ጎበዝ በያጅ ከቱቦላሬ ይሠራዋል። በያጁ ጋ ስትሄዱ አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ በሉ፦ ብረቱ ከሻሲው ጋር አይበየድ። የኋላው ሞላ የታሰረበትን የላይኛውን ቡሎንና የተሳፋሪ መያዣውን ቡሎኖች ተጠቅሞ ይታሰር፤ ሲሰበር ፈታችሁ ታስጠግኑታላችሁ። ብየዳው ሞተሩ አጠገብ የሚሠራ ከሆነ ባትሪው አስቀድሞ ይነቀል። ሌላው በያጆች ብዙ ጊዜ የሚረሱት፣ ከታርጋው ኋላ ግራውንና ቀኙን ብረት የሚያገናኝ አግዳሚ ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ንዝረቱ ኃይለኛ ነው፤ አግዳሚ የሌለው ብረት በየፊናው ሲወዛወዝ ውሎ ብየዳው ሥር ይሰነጠቃል። ሥራው ሲያልቅ አንድ ወፍራም ጓደኛ ከኋላ አስቀምጡና ሞላውን አርገብግቡት። ጎማው ወደ ላይ ሲመጣ ብረቱን ወይም ቦርሳውን ከነካ በያጁ ሳይከፈለው ያስተካክለው። ከማርሚታው ደግሞ ቢያንስ አንድ ጋት ይራቅ።

ለማሰር መቆለፊያ ያለው ቀበቶ እመርጣለሁ። መንጠቆ ያለው ላስቲክ ሲያመልጥ ዓይን ያጠፋል። የተረፈው ጫፍ ሁሉ ተጠቅልሎ ይወተፍ፤ ሰንሰለት ውስጥ የገባ አንድ ክንድ ገመድ የኋላውን ጎማ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ለክረምቱ ዝናብ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጠኛውን ላስቲክ ቦርሳው ውስጥ ዘርግታችሁ ዕቃውን እሱ ውስጥ ክተቱ፤ ስፌት ያለው ሸራ ውኃ አያስገባም የሚል ነጋዴን አትመኑት።

ለሙከራ የሚሆን ዙር ከፈለጋችሁ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርታችሁ፣ ከቡራዩ በሆለታ ወደ አምቦ፣ ከዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚነሳው የወንጪ አፋፍ፣ ከዚያ በወሊሶ አድርጋችሁ ወደ ሰበታ ተመለሱ። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብርዱም፣ ኩርባውም፣ አህያውም አለበት። ሆለታ ላይ ቁሙና ቡሎኖቹን በእጃችሁ ነካ ነካ አድርጉ፤ ቀበቶዎቹን ሳቡ፤ ማርሚታው በኩል ያለውን ቦርሳ ዳብሱት። የላላ ዳዶ ካለ እዚያው ይጥበቅ፤ ከአምቦ ማዶ ብየዳ ቤት እያጠያየቁ ሞተር መግፋት አድካሚ ነው።