የድጋሚ ምርጫ፦ አማና ለባለቤቱ ሲመለስ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለምርጫ የሚቀርብ ሰው በእጁ የያዘው ተስፋ ብቻ ነው። «ብትመርጡኝ ይህን እሠራለሁ» ይላል፤ ሕዝቡም ሥራውን ሳያይ በቃሉ አምኖ ድምፁን ይሰጠዋል። ለሁለተኛ ጊዜ የሚቀርበው ግን በቃል ብቻ ሊያልፍ አይችልም። ያጸደቀው በጀት፣ በስብሰባ ላይ የሰጠው ድምፅ፣ ገብቶ ያልፈጸመው ቃል ሁሉ አብሮት ይቆማል። ስለዚህ በድጋሚ ለመመረጥ መወዳደር ማለት የተረከቡትን አማና ለባለቤቱ መልሶ «መርምሩኝ» ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን! ይህን ለመረዳት ስለ ታላላቅ ፓርላማዎች ማውራት አያስፈልግም። ትንሽ ከተማ ይበቃል።

የጎረቤት ምርጫ

በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት፣ ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል በዲትሮይት የተከበበች ሐምትራምክ የምትባል ከተማ አለች። ስፋቷ ከ6 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ሲሆን፣ በ2020 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ቆጠራ የነዋሪዎቿ ብዛት ከ28 ሺህ በላይ ነበር። ቀደም ሲል በመኪና ፋብሪካ የሚሠሩ የፖላንድ ስደተኞች ከተማ ነበረች፤ ዛሬ ከየመን፣ ከባንግላዴሽና ከቦስኒያ የመጡ ሙስሊሞች በብዛት ይኖሩባታል። በ2004 የከተማው ምክር ቤት አዛን በድምፅ ማጉያ እንዲሰማ ፈቀደ፤ ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦም ውሳኔው ጸና። በ2015 ምርጫ የምክር ቤቱ አብላጫ ወንበር በሙስሊሞች ተያዘ፤ በ2021 ደግሞ ከንቲባውም የምክር ቤቱ አባላትም ሁሉም ሙስሊሞች ሆኑ።

ምክር ቤቱ ስድስት አባላት አሉት። የሥራ ዘመናቸው 4 ዓመት ሲሆን፣ ምርጫው በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል። አባላቱ የሚመረጡት በሰፈር ሳይሆን በመላው የከተማው ሕዝብ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ተመራጩና መራጩ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፣ በአንድ ሱቅ ይገበያያሉ፣ በአንድ ሶፍ ይሰግዳሉ። የሚጠየቀውም የዓለም ፖለቲካ አይደለም፤ ቆሻሻው መቼ ይነሳል? በረዶው መቼ ይጠረጋል? የሚል ነው። በ2021 በከተማዋ የቧንቧ ውኃ ውስጥ የእርሳስ መጠን ከፍ ብሎ በመገኘቱ ለነዋሪዎች የውኃ ማጣሪያ ታድሎ ነበር። ሕፃን ልጅ ላላት እናት ከዚህ የሚበልጥ የምርጫ ጥያቄ የለም።

አማናው ሲጓደል ምን እንደሚከተልም ከተማዋ አይታለች። የገንዘብ አያያዟ በመቃወሱ ከ2000 ጀምሮ ለዓመታት፣ ከዚያም እንደገና በ2013 ግዛቱ በሾመው የገንዘብ ኃላፊ ሥር እንድትተዳደር ተደርጓል። ሕዝቡ የመረጠው ምክር ቤት እያለ የወሳኝነቱ ሥልጣን በሌላ እጅ ገባ።

ሥልጣንን መጠየቅ ይፈቀዳልን?

አንዳንድ ወንድሞች «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሥልጣንን አትጠይቁ ብለው የለምን?» ይላሉ። እውነት ነው። ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ሰሙራ ሥልጣንን እንዳይጠይቅ፣ ጠይቆ ያገኘ ሰው ለራሱ እንደሚተው፣ ሳይጠይቅ የተሰጠው ግን እንደሚታገዝ ነግረውታል። በሌላ በኩል ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የግብጽን ግምጃ ቤት እንዲረከቡ ራሳቸው እንደጠየቁ በሱረቱ ዩሱፍ ተወስቷል። ዑለማዎች ሁለቱን ሲያስታርቁ፣ የተወገዘው ለክብርና ለጥቅም መሻት እንደሆነ፣ ችሎታና ታማኝነት ያለው ሰው ግን የሕዝብ ጉዳይ እንዳይበላሽ ቢቀርብ ነውር እንደሌለበት ያስረዳሉ።

ኢብኑል ሉትቢያ የተባለ ሰው ዘካ ሰብስቦ ሲመለስ፣ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው ባለ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በእናት አባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደነበረ ጠየቁ። ዛሬም ለሁለተኛ ጊዜ የሚወዳደር ተመራጭ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው። ወንበሩን ባልይዝ ኖሮ ይህ ግብዣ፣ ይህ ውለታ ይመጣልኝ ነበርን?

የኩፋ ምርመራ

የኩፋ ሰዎች በአስተዳዳሪያቸው በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ ላይ ለኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) አቤቱታ አቀረቡ። ሰዕድ ጀነት ከተበሰሩት አሥሩ ሰሃቦች አንዱ ናቸው። ዑመር ግን «እርሱ ሰዕድ ነው» ብለው ክሱን አልናቁም፤ መርማሪ ላኩ። መርማሪው በኩፋ መስጂድ ለመስጂድ እየዞረ ሕዝቡን ጠየቀ። ከአንድ መስጂድ በስተቀር በሁሉም ዘንድ ሰዕድ ተመሰገኑ። እንዲያም ሆኖ ዑመር ከኃላፊነት አነሷቸው።

ዑመር በሞት አልጋ ላይ ሳሉ ቀጣዩን ኸሊፋ እንዲመርጡ ከሰየሟቸው ስድስት ሰዎች አንዱ እኚሁ ሰዕድ ነበሩ። ያነሷቸውም በድክመት ወይም በክህደት እንዳልሆነ በግልጽ ተናገሩ። ከሥልጣን መውረድ ክብርን መገፈፍ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ይህ ትምህርት ዛሬም ያስፈልጋል። በሐምትራምክ ከ2006 ጀምሮ ከንቲባ የነበሩት ካረን ማየውስኪ በ2021 ለድጋሚ ቀርበው ተሸንፈዋል። በ2025 ደግሞ ከንቲባውን የለየው ከ20 ያነሰ የድምፅ ልዩነት ነው። በዚያው ዓመት ሁለት የምክር ቤት አባላት በፖስታ ከሚሰጥ ድምፅ ጋር በተያያዘ ተከሰዋል። ክስ ፍርድ አይደለም፤ ነገር ግን ምርጫው በጥቂት ድምፅ በሚወሰንበት ቦታ እያንዳንዱ የድምፅ ወረቀት አማና መሆኑን ያስታውሳል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የከተማ ምክር ቤት ባይኖረን እንኳ ሁላችንም መራጮች ነን። የመስጂድ ኮሚቴ፣ የዕድር ዳኛ፣ የወላጆች ኮሚቴ እንመርጣለን። ብዙ ጊዜ ግን የሥራ ዘመኑ ሲያልቅ «እርሳቸው ይቀጥሉ» ብለን በጭብጨባ እናሳልፋለን፤ አለዚያም በዘመድና በአገር ልጅነት እንመዝናለን። ሁለቱም ተመራጩን ይጎዱታል። የመጀመሪያው ሒሳብ ሳያቀርብ እንዲለምድ፣ ሁለተኛው ሥራውን ትቶ ወገን እንዲያበዛ ያደርገዋል። ተማሪ የራሱን ፈተና እንደማያርም ሁሉ፣ ተመራጭም የራሱን ሥራ ራሱ አርሞ ሊያልፍ አይገባውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ከጭብጨባው በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ምን ቃል ተገባ? ምን ተሠራ? ገንዘቡ የት ገባ? ጥያቄው በአደብ ይሁን፤ መልሱም በወረቀት ላይ ይቅረብ። በደንብ የሠራውን አመስግነን እንድገመው፤ ያልቻለውን ሳናዋርድ እናሳርፈው። የወጣውም ነገ በሌላ ሥራ ይፈለጋልና ከሶፉ አይሽሽ።

አላህ (ሱ.ወ.) አማናን ለባለቤቱ ከሚመልሱት ያድርገን። አሚን።