ከጅዳ የሚላከው የሩጫ ሰዓት የትኛው ይሁን?



የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ተገኝቶብዎት ሐኪሙ «ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ» ብሎዎት ይሆናል። ወይም ልጅዎ በየማለዳው መሮጥ ጀምሮ ይሆናል። ይህን የሰማች ጅዳ ያለች እህትዎ ደውላ፣ «ወንድም ጋሼ፣ የሩጫ ሰዓት ልልክልህ ነው፤ ስማርት ሰዓቱን ላድርገው ወይስ የስፖርቱን?» ብትልዎት ምን ይመልሳሉ? ብዙዎቻችን «የተሻለውን ላኪ» እንላለን። ነገር ግን ለጅዳ የተሻለው ለላስታ የተሻለ ላይሆን ይችላል። በዛሬው ጽሑፋችን ምክንያቱን እንመለከታለን።

ሁለቱ በምን ይለያሉ?

ስማርት ሰዓት በክንድ ላይ የታሰረ ትንሽ ስልክ ነው ማለት ይቻላል። ጥሪና መልእክት ያሳያል፣ እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምትና እንቅልፍም ይለካል። ብዙውን ሥራውን የሚሠራው ከስልክ ጋር ተገናኝቶ ነው። የአፕል ሰዓት ለምሳሌ ያለ አይፎን ሥራ አይጀምርም። ስለዚህ የቤትዎ ስልክ ሌላ ዓይነት ከሆነ ስጦታው ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል።

የስፖርት ሰዓት ደግሞ ለልምምድ ተብሎ የተሠራ ነው። ርቀትን፣ ፍጥነትን፣ የልብ ምትንና አቀበትን ይመዘግባል። መጀመሪያ ላይ በስልክ ቢስተካከልም በሩጫው ሰዓት ስልኩን ቤት ትተው መውጣት ይችላሉ። አብዛኛው በቁልፍ ስለሚታዘዝ በላበት እጅም ሆነ በጓንት አያስቸግርም።

ሁለቱም የቅርብ ጊዜ ሥራዎች ናቸው። የፊንላንዱ ፖላር ያለ ሽቦ የልብ ምት የሚለካ የሯጭ ሰዓት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን፣ ጋርሚን በሳተላይት (ጂፒኤስ) ርቀት የሚለካውን የመጀመሪያውን የሩጫ ሰዓቱን ያቀረበው በ2003 ነው። ምሩጽ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ፣ መሐመድ ከድርም በ10,000 ሜትሩ ነሐስ ሲወስድ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ሰዓቱ ያግዛል እንጂ ሯጩን አይፈጥርም።

የላስታ አቀበትና የሰዓቱ ቁጥር

ላሊበላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሹምሸሃ ያለው አየር ማረፊያ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው። አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። በ2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል።

ይህ ለሰዓት መራጩ ምን ማለት ነው? ከሹምሸሃ ወደ ከተማ ሽቅብ የሚሮጥ ሰው በሜዳ ከሚሮጠው በጣም ቢዘገይም ልቡ የሚሠራው ሥራ የበለጠ ሊሆን ይችላል። ፍጥነትን ብቻ የሚያሳይ ሰዓት ግን «ደክመሃል፣ ቀንሰሃል» ይለዋል። ስለዚህ ለደጋ ሯጭ የአየር ግፊትን እየለካ አቀበቱን የሚመዘግብ ሰዓት ይመረጣል። በገደል መሐል የሳተላይቱ ምልክት ስለሚንጸባረቅ ርቀቱም ሊሳሳት እንደሚችል ይወቁ።

የልብ ምቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰዓቱ ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ እየላከ በደም ሥር ውስጥ ያለውን የደም ፍሰት ያነባል። በብርዳማ ማለዳ የክንድ ደም ሥሮች ሲጠቡ ወይም ማሰሪያው ሲላላ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ከእጅ አንጓ አጥንት ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። ትክክለኛውን ለሚፈልግ ልጅ በደረት የሚታሰረው መለኪያ ይሻላል። ብዙዎቹ የስፖርት ሰዓቶች ከዚህ መለኪያ ጋር ይገናኛሉ።

የመብራቱ ነገር

በሐምሌ መጨረሻ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራትና ስልክ ተቋርጦ መክረሙን የአካባቢው ሰው አይረሳውም። በ2015 ዓ.ም መጨረሻም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። በየቀኑ ቻርጅ የሚፈልግ ሰዓት በእንዲህ ያለ ጊዜ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ለአፕል ሰዓት አምራቹ ለብዙ ዓመታት የሰጠው የባትሪ ቆይታ 18 ሰዓት ነበር፤ ከአዳዲሶቹ ረዘም የሚሉ አሉ። በአንጻሩ ጋርሚን ፎርራነር 55 የተባለው ቀለል ያለ የሩጫ ሰዓት እስከ ሁለት ሳምንት፣ ኮሮስ ፔስ 3 ደግሞ እስከ 24 ቀን እንደሚቆዩ አምራቾቻቸው ይገልጻሉ። ጂፒኤስ ሲበራ ግን ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ እህትዎን «ጂፒኤሱ በርቶ ስንት ሰዓት ይቆያል?» ብላ እንድትጠይቅ ይንገሯት።

ሊያምኑት የማይገባ ቁጥር

ከሁሉ በላይ ልንጠነቀቅበት የሚገባው ይህ ነው። በየገበያው «ሳይወጋ ስኳር ይለካል» የሚባሉ ርካሽ ሰዓቶች አሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ (ኤፍዲኤ) በየካቲት ወር 2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳ ሳይወጋ በራሱ ስኳር እንዲለካ የፈቀደው አንድም ስማርት ሰዓት ወይም ቀለበት እንደሌለ ገልጿል። በእንዲህ ያለ ቁጥር ተመርቶ ኢንሱሊን የሚወስድ፣ ወይም ጾሞ የሚሮጥ የስኳር ሕመምተኛ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። የስኳር መውረድ ምልክቶች የሆኑት ማላብ፣ መንቀጥቀጥና ድካም ከሩጫ ድካም ጋር ይመሳሰላሉና በጣት ጠብታ ደም የሚለካውን መሣሪያ አይተዉ።

ለግፊት ወይም ለልብ እንደ አቴኖሎል ያለ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ የልብ ምትን ዝቅ ያደርጋል። ሰዓቱ ከዕድሜዎ ተነሥቶ «ምትህ ገና ነው፣ ጨምር» ቢልዎት አይስሙት። የደም ኦክስጅን ቁጥርም በደጋ ከቆላው ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ከጅዳ ለእረፍት የመጣ ዘመድ ግን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካለው ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ሩጫውን ለጥቂት ቀናት ያቆይ። የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ ሰዓት ማየት ትቶ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ውዱእ፣ ሶላትና ረመዳን

ሰዓቱ ላይ «5 ኤቲኤም» የሚል ከተጻፈ የውዱእ ውኃ አይጎዳውም። ሆኖም ውኃው ከሥሩ ያለውን ቆዳ እንዲያገኝ ያውልቁት። ላብ ተጠራቅሞ የሚያመጣውን ሽፍታም በዚሁ ይከላከላሉ። መስጂድ ሲገቡ የስማርት ሰዓቱን መልእክት ያጥፉ፤ በሶላት መሐል ክንድዎ ላይ እንዲንዘር አይፈልጉም። በረመዳን ደግሞ «የዛሬውን ግብ አልሞላህም» የሚለውን ማስታወሻ ይዝጉት። ጿሚ በቀትር ፀሐይ ለሰዓት ሲል አይሮጥም። ቀለል ያለው እንቅስቃሴ ወደ ኢፍጣር ሲቃረብ፣ ጠንከር ያለው ከኢፍጣር በኋላ ይሁን።

ታዲያ የትኛው?

መብራት የማይቸግርዎት፣ የሚስማማ ስልክ ያለዎትና በአብዛኛው በእግር የሚጓዙ ከሆነ ስማርት ሰዓት ይበቃዎታል። ልጁ በሳምንት ብዙ ቀን የሚሮጥ ከሆነ፣ ወይም ቤትዎ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ከሆነ ቀለል ያለ፣ ባለ ቁልፍ የስፖርት ሰዓት ይምረጡ። ውድ መሆን የለበትም።

እህትዎ ምንም ባትልክስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴን ይመክራል። «መካከለኛ» ማለት እየሄዱ ማውራት የሚችሉበት፣ መዝፈን ወይም ነሺዳ ማለት ግን የማይችሉበት ልክ ነው። ሁለት ጣት የእጅ አንጓ ላይ አድርገው ምቱን 15 ሰኮንድ ቆጥረው በአራት ቢያባዙት የልብ ምትዎን ያገኛሉ። ጓደኛም ይያዙ። ብሪታንያዊው ተመራማሪ ማይክል ክሮሊ አዲስ አበባ ከሯጮች ጋር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሯጮቻችን በጫካ ውስጥ ተሰልፈው የፊተኛውን እግር እየተከተሉ እንደሚሮጡ ጽፏል። አብሮ የሚሮጥ ሰው ሲደክሙ ያይልዎታል፤ ቢወድቁም ያነሣዎታል።

ስለዚህ ለእህትዎ እንዲህ ይበሏት፦ «ባትሪው የሚቆይ፣ ያለ ስልክ የሚሠራ፣ አቀበት የሚለካ ይሁን። ስኳር ይለካል ካሉሽ ግን ተዪው።»

አላህ ጤናውን ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም።