የስንዴ ዋግ፣ የአምቦ ቤተ ሙከራና የሩቁ ማስሊያ

አምቦ ውስጥ ሱፐር ኮምፒዩተር የለም። ሆኖም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በዚህች ከተማ የሚሠራ አንድ የመንግሥት ቤተ ሙከራ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በእንግሊዝ አገር ኤክሴተር ከተማ ካለ ሌላ የመንግሥት ተቋም ግዙፍ ማስሊያ ጋር ለአንድ ዓላማ ይደክማል፤ የስንዴ ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ ማሳ ላይ ሳይደርስ መምጣቱን ለማወቅ። ሱፐር ኮምፒዩተር ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ ፍጥነቱና ስለ ዋጋው ይሆናል፤ የሚያሰላው ከየት በመጣ መረጃ እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ግን ጉዳዩን በዚህ በኩል መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ። በኢትዮጵያ ስለ ሱፐር ኮምፒዩተር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የማሽን ሻጮችን ዝርዝር ሳይሆን አምቦን ነው። ማሽን በኪራይም በትብብርም ይገኛል፤ የገዛ ማሳችንን ዕውቀት ግን የሚያከራየን የለም።

ዋግ ለምዕራብ ሸዋ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ከሆለታ ተነሥቶ በአዲስ ዓለም፣ በግንጪ፣ በአምቦና በጉደር አድርጎ እስከ ጌዶ በሚዘልቀው አገር ስንዴ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይዘራል፣ በመስከረም ያሸታል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ለፈንገሱ የሚመቸው እርጥበቱ ሳይሄድ ፀሐዩ ብቅ የሚልበት ያው የመስከረምና የጥቅምት ወቅት ነው። ሦስት ዐይነት አለ፤ ቢጫ ዋግ፣ የቅጠል ዋግና የግንድ ዋግ። ቢጫው ቀዝቃዛውን ደጋ ይወዳል፤ የግንዱ ሞቅ ሲል ይበረታል፤ ከሦስቱም አጥፊው እሱ ነው። ውኃና ምግብ የሚያመላልሰውን አገዳ ስለሚያቆስል፣ ደኅና ምርት ይጠበቅበት የነበረ ማሳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፍሬው ጫጭቶ ገለባ ብቻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን፣ በየቦታው ይዘሩ የነበሩ ዝርያዎች ሲመታ ከ400 ሺህ ሔክታር በላይ ስንዴ ተነካ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ገበሬ ፊቱን ዲገሉ ወደተባለ ዝርያ አዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበር፤ ከዑጋንዳ ተነሥቶ ዓለምን ያስፈራውን ዩጂ 99 የተባለውን የግንድ ዋግም ይቋቋም ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ባሌና አርሲ ላይ ሌላ የግንድ ዋግ ተነሥቶ ዲገሉን ነጥሎ መታው፤ ምርታቸውን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ያጡ ገበሬዎች ነበሩ።

የዲገሉ ታሪክ የሚያስተምረው ዋግን «ዋግ» ብሎ በጅምላ መጥራት እንደማይበቃ ነው። አንዱ የግንድ ዋግ ከሌላው በዐይን አይለይም፤ ሁለቱም አገዳው ላይ ቀይ ቡናማ ዱቄት ሆነው ይታያሉ። አንዱ ግን የሚጥለውን ዝርያ ሌላው አይነካውም። ይህን ልዩነት አውጥቶ የሚናገረው በአምቦ ያለው ቤተ ሙከራ ነው። በደርግ ዘመን በሶቭየት ኅብረት ትብብር የእፅዋት በሽታ ጥናት ቤተ ሙከራ ሆኖ ተቋቋመ፤ ኋላ በግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ገብቶ የእፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ተባለ። የሥራው አካሄድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከማሳ የተቆረጠ የታመመ አገዳ በወረቀት ከረጢት ይመጣል። ዱቄቱ ተሰብስቦ በሽታውን በማይችል የስንዴ ቡቃያ ላይ ይራባል፤ ከዚያ ከአንድ ቁስል ብቻ የተወሰደው ለብቻው እንደገና ይራባል፤ ሁለት ሬሶች፣ ማለትም በሚጥሉት ዝርያ የሚለያዩ የዋግ ዐይነቶች፣ ተቀላቅለው ውጤቱን እንዳያበላሹ ነው። ከዚህ በኋላ የመቋቋም ባሕርያቸው አስቀድሞ በሚታወቅ 20 የስንዴ መለያ መስመሮች ቡቃያ ላይ ይረጫል፤ ቡቃያዎቹ አንድ ሌሊት እርጥበት ባለበት ጨለማ ክፍል አድረው ወደ ግሪንሐውስ ይዛወራሉ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው እያንዳንዱ ቅጠል ላይ የወጣው ቁስል ከ0 እስከ 4 ይመዘናል። 20ዎቹ መስመሮች በአራት በአራት ተመድበው ለእያንዳንዱ ምድብ አንድ ፊደል ስለሚሰጥ፣ ሬሱ ባለ አምስት ፊደል ስም ያገኛል። ዲገሉን የመታው ቲኬቲቲኤፍ ይባላል። ከናሙናው መምጣት እስከዚህ ስም ድረስ ብዙ ሳምንት ያልፋል፤ ማስሊያ የሚያሳጥረው ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ሩቁ ማስሊያ እንሻገር። የእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ ተቋም፣ ሜት ኦፊስ፣ የመንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ኤክሴተር ላይ የተከለው ክሬይ ኤክስሲ 40 የተባለ ማሽን 97 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቶበታል። 460 ሺህ ገደማ የማስሊያ ኮሮች ነበሩት፤ በሰከንድ 14 ሺህ ትሪሊዮን ስሌት ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ቦታውን ለተተኪ ለቋል፤ የሚሠራው ስሌት ግን ባሕርዩ ያው ነው። የዓለምን አየር ከምድር እስከ ሰማይ በትንንሽ ሣጥኖች ይከፋፍልና የእያንዳንዱን ሣጥን ነፋስ፣ ሙቀትና እርጥበት ከጎረቤቶቹ ጋር እያያያዘ ደቂቃ በደቂቃ ወደ ፊት ያራምዳል። ዋግን የሚመለከተው ክፍል ኔም በተባለ ሌላ ፕሮግራም ይሠራል። ኔም የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1986 በሶቭየት ኅብረት ቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ ከደረሰው አደጋ በኋላ ነው፤ በነፋስ የሚሄደው ጨረር ያለበት ብናኝ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ ተሠራ፣ ኋላም የእሳተ ገሞራ አመድ በአውሮፓ ሰማይ ሲበተን አገለገለ። የአምቦ ቤተ ሙከራ በሶቭየት እርዳታ ቆመ፣ የዋጉን መንገድ የሚያሰላው ፕሮግራም ደግሞ በሶቭየት አደጋ ምክንያት ተወለደ፤ ሁለቱ ይገናኛሉ ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ለስሌቱ የዋግ ስፖርም፣ ያ አገዳው ላይ የሚታየው ዱቄት፣ ብናኝ ነው፤ ከሚሊ ሜትር መቶኛ ሁለት ወይም ሦስት እጅ የማይበልጥ፣ ነፋስ የሚያነሣው፣ ፀሐይ የሚገድለው፣ ዝናብ የሚያወርደው። ማሽኑ ዋግ ከታየበት ቦታ ሁሉ በስሌት ብናኝ ይለቅና እያንዳንዱን ይከተላል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ሌላ ሞዴል ደግሞ ስፖሩ ያረፈበት ቦታ ስንዴውን ለመያዝ የሚበቃ ጤዛና ሙቀት እንዳለው ይመዝናል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ለመጪዎቹ 7 ቀናት የሚሆን የስጋት ካርታ ነው።

እዚህ ላይ አንዱን ዐረፍተ ነገር ደግሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ብናኝ የሚለቀው «ዋግ ከታየበት ቦታ» ነው። ያየው ማን ነው? ከየምርምር ማዕከሉና ከየወረዳው ወጥቶ፣ በመኪና መንገድ ዳር ብቻ ሳይቀር እርሻው ውስጥ ገብቶ፣ ቅጠል ገልብጦ፣ ዝርያውንና የበሽታውን ክብደት ከነቦታው በስልኩ የሚመዘግብ ሰው ነው። ይህ ሰው ለምሳሌ ጄልዱ ወረዳ ሳይደርስ ከቀረ ጄልዱ ለማሽኑ ዋግ የሌለበት አገር ነው፤ ስሌቱም ከዚያ ምንም አያስነሣም። የአምቦው ውጤት ደግሞ የሚነግረው፣ እየመጣ ያለው ሬስ በዚያ ወረዳ የተዘራውን ዝርያ ይነካው እንደሆነ ነው። ካርታው ነፋስ ያመጣውን ያሳያል፣ ፊደሎቹ ማንን እንደሚያስፈራ ይናገራሉ። ከሁለቱ የተገኘው ምክር ወደ ልማት ሠራተኞች፣ በ8028 የግብርና ስልክ መስመርና በአጭር መልእክትም ወደ ገበሬው ይወርዳል።

ገበሬው ዋግን ከእኛ በላይ ያውቀዋል፣ ትንበያ ምን ያደርግለታል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፣ ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን ሲታይ ነው፤ ዱቄቱ አገዳው ላይ ወጥቶ ሲታይ ደግሞ ፈንገሱ ተክሉ ውስጥ ከሳምንት በላይ ሰንብቷል። እንደ ሬክስ ዱዎና ቲልት ያሉ ፀረ ፈንገሶች በደንብ የሚጠቅሙት በሽታው ገና ሲጀምር ነው፤ ገዝቶ፣ መርጫ ተውሶ፣ ዝናብ የሌለበትን ጧት ጠብቆ ለመርጨት ጥቂት ቀን ያስፈልጋል። ሰባቱ ቀናት ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው። ትንበያው ሲሳሳትስ? ይሳሳታል። ያልመጣ ዋግ ጠብቆ መድኃኒት የገዛ ገበሬ ገንዘቡ ባክኗል፤ ይህን አቃልሎ ማየት ግፍ ነው። መፍትሔው ግን ትንበያውን መተው ሳይሆን የቅኝቱን ብዛት መጨመር ነው፤ ማሽኑ በእጥፍ ቢፈጥን ያልታየ ማሳን አያይም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። የሰው ማሽን ተደግፈን እስከ መቼ? ለጋሽ ሐሳቡን ሲለውጥ ሥራው ይቆማል። ይህ ስጋት መሠረት አለው፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 የውጭ ዕርዳታዋን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶ ወደ 0.5 አውርዳለች፣ በኋላም ወደ 0.3 ለማውረድ ወስናለች። ስለዚህ የራሳችንን እንግዛ የሚሉ ሰዎች ሩሲያን ምሳሌ ያደርጋሉ። ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ግን በጥንቃቄ ይታይ። ሳሮቭ በተባለችው ዝግ ከተማ ያለው፣ የሩሲያ መንግሥት የኑክሌር ድርጅት የሆነው የሮሳቶም የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው ለኑክሌር ቦምብ ሥራ ነው። ለዚያ ሥራ ያፈራውን የስሌት ችሎታ ቆይቶ ወደ ፋብሪካዎች አዞረው፤ ሎጎስ የተባለ ፕሮግራም ሠርቶ የአየርንና የፈሳሽን ፍሰት፣ ሙቀትንና የብረትን ጥንካሬ ለሚያሰሉ የአገሩ መሐንዲሶች አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚሸጡት የውጭ ኩባንያዎች አንሲስና ሲመንስ ከሩሲያ ሲወጡ ይህ ፕሮግራም እጅ ላይ መኖሩ ጠቅሟል። ነገር ግን ሳሮቭ ማሽን ስለገዛ እዚህ አልደረሰም። ለአሥርት ዓመታት የሒሳብና የፊዚክስ ሰው አፍርቷል፤ ስሌት የሚያስፈልጋቸው ፋብሪካዎችም በዙሪያው ነበሩ። እዚሁ ምዕራብ ሸዋ፣ አዳ በርጋ ውስጥ ያለው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚሽከረከር ግዙፍ ምድጃ አለው፤ በውስጡ ያለው የነበልባልና የጋዝ ጉዞ እንዲህ ባለ ፕሮግራም የሚሰላ ነገር ነው። ግን ጥያቄውን በስሌት ቋንቋ የሚጽፍ መሐንዲስ ሳይኖር ማሽኑ ቢመጣ የሚሰጠው መልስ የለም።

ኤሌክትሪክ የለንም የሚለው ምክንያት ግን አያሳምነኝም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቢትኮይን ለሚያመርቱ ኩባንያዎች ኃይል ይሸጣል፤ እነዚያም ሌሊትና ቀን የሚሠሩ ማስሊያዎች ናቸው። ኃይሉ ለእነሱ ከተገኘ ለአየር ንብረትና ለዋግ የሚሆን መጠነኛ ማስሊያ አይከለከልም። ለአገር የሚሆን የ7 ቀን ትንበያ ደግሞ ዓለምን ሙሉ የሚያሰላ ማሽን አይጠይቅም፤ የዓለሙን ነፋስ ከሌሎች ተቀብሎ የኢትዮጵያን ክፍል አጥርቶ ማስላት መካከለኛ አቅም ይበቃዋል። የሚጎድለው ሞዴሉን ከፍቶ የሚያርም፣ ለአገራችን ተራራና ሸለቆ የሚያስተካክል ሰው ነው።

ጉዳዩ የሚቸኩልበትም ምክንያት አለ። ቀድሞ ስንዴ በአብዛኛው የክረምት ሰብል ስለነበር፣ ከአጨዳ በኋላ ባለው ደረቅ ወቅት ዋጉ የሚያድርበት አረንጓዴ ቡቃያ ይመናመንበት ነበር። የበጋ መስኖ ስንዴ ከተስፋፋ ወዲህ በቆላውም በደጋውም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስንዴ አለ፤ ፈንገሱ ከመስኖው ወደ መኸሩ፣ ከመኸሩ ወደ መስኖው ይሸጋገራል። የመስኖውን ጥቅም የሚክድ የለም፤ ግን ቅኝቱ አሁን በመኸር ብቻ ሳይሆን በበጋም መካሄድ አለበት፤ የአምቦ ግሪንሐውስም በዚያው ልክ ናሙና ይበዛበታል። ስለዚህ ለማስሊያ ገንዘብ ከተመደበ የመጀመሪያው ድርሻ ለቅኝት ቡድኖች ነዳጅና አበል፣ ለቤተ ሙከራው የማይቋረጥ መብራትና ውኃ ቢውል ትንበያውን የሚያሻሽለው ከማንኛውም አዲስ ማሽን ይበልጥ ነው። ሁለተኛው ድርሻ ለሰው ነው። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የጀመረ ነው፤ ዛሬ እርሻውን ጉደር ባለው የማሞ መዘምር ግቢ፣ ምሕንድስናውን በሃጫሉ ሁንዴሳ ግቢ ያስተምራል። ቤተ ሙከራው ያለውም እዚያው አምቦ ነው። ከሁለቱ ግቢዎች የተውጣጡ ተማሪዎች ባለፉት ዓመታት የተሰበሰበውን የማሳ ቅኝት መዝገብ ይዘው፣ የትኛው ትንበያ እንደያዘና የትኛው እንደሳተ ወረዳ በወረዳ ማስላት ቢጀምሩ፣ ለዚህ የሚያስፈልጋቸው ተራ ኮምፒዩተርና የመዝገቡ ፈቃድ ብቻ ነው።